የአቶ አምባዬ ጅቡቲ

ባቡር የሚቆምበት ከተማ ሁሉ ውጭ አገር ደርሶ የተመለሰ አንድ ሰው አለው። ውሃ ይጠፋ ይሆናል፣ ሐኪም ይጠፋ ይሆናል፣ ይህ ሰው ግን አይጠፋም። የሄደው አንድ ጊዜ ነው፤ የሚመለሰው በየቀኑ ነው። ጠዋት ሻይ ሲቀዳ ይመለሳል፣ ማታ ካርታ ሲበወዝ ይመለሳል፣ ለቅሶ ቤት እንኳ የሟቹ አፈር ሳይደርቅ "እዚያማ ሰው ሲሞት እንዴት እንደሚሸኙት ብታዩ" ብሎ ይመለሳል። ሰውም ይሰማዋል። ምን ያድርግ፣ ባቡሩ የሚመጣው ገና ከሰዓት በኋላ ነው።

ለአዋሽ ጣቢያ የደረሳት አቶ አምባዬ ነበሩ። በመዝገብ የዕቃ ቤት ጠባቂ፤ በራሳቸው አንደበት ግን የጅቡቲ የቤት ልጅ፣ የዓደን ወደብ አማካሪ፣ የፈረንሳይና የየመን የጋራ ወዳጅ። ዘመኑ ሃምሳዎቹ የሚያልቁበት፣ አዋሽን ተከትሎ ጥጥ የነገሠበት ነው። ዛሬ ሰመራ በቆመችበት ሜዳ ላይ ያኔ ከነፋስ በቀር የሚያልፍ አልነበረም። ከደጋ ጸሐፊው፣ መምህሩ፣ መካኒኩ በየባቡሩ ይወርዳል። ሙቀቱ ናላውን ያዞረውን እንግዳ ሁሉ አቶ አምባዬ እጁን ይዘው ጥላ ሥር ያስቀምጡትና፣ "ይህም ሙቀት ሆነና! ጅቡቲ ሳለሁ..." ብለው ይጀምራሉ።

ጅቡቲ ሳሉ ያልሆነ ነገር የለም። አንድ የፈረንሳይ ካፒቴን አቶ አምባዬ ሳይመርቁለት መልሕቅ አላነሳም ብሎ ሦስት ቀን ቆሟል። አንድ የየመን ነጋዴ ልጁን ከነሱቁ ሊድርላቸው ለምኗቸው፣ እሳቸው ግን "አገሬ ትበልጥብኛለች" ብለው በትሕትና መልሰውታል። ከጅቡቲ ዓደን በእግራቸው በድልድይ ተሻግረዋል። መምህር ወልደ ኢየሱስ ካርታ ዘርግቶ "ጋሼ፣ እዚህ ላይ ባሕር እንጂ ድልድይ አላይም" ቢላቸው፣ ካርታውን በሐዘኔታ ተመልክተው "ይህ ድልድዩ ሳይሠራ የተሣለ ነው" አሉት። የጣቢያው ቡፌ ባለቤት የይርገዱን ሽሮ ቀምሰው ደግሞ "ዓደን ላይ ይህን የመርከብ ሆድ ይቀቡበታል" ያሏት ጊዜ፣ ይርገዱ ፊቷ ሳይለወጥ "ይቀቡት ጋሼ፤ ሳሕኑን ብቻ ይመልሱልኝ" አለቻቸው።

ክቡርነታቸው በዚህ አይበገሩም። አመልካች ጣታቸውን የቀኝ ዓይናቸው ሥር ያደርጉና ቆዳውን ወደ ታች ሳብ አድርገው ቀዩን ያሳያሉ። "ዓይኔ ያየውን ነው የምነግራችሁ" ይላሉ። ከዚያ በኋላ ክርክር የለም።

ከሰሚዎቻቸው ሁሉ የቆየው ሹፌሩ ቃሲም ነበር። አባቱ ከወሎ መጥተው ሐዲድ ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ናቸው። እሱ እዚያው ጣቢያው ውስጥ ተወልዶ፣ ከአፋር ልጆች ጋር አፈር ፈጭቶ፣ አፋርኛን እንደ እናቱ ቋንቋ የሚናገር ነው። የጥጥ እርሻውን ኤንትሬ የጭነት መኪና ይዞ እታች ድረስ ይመላለሳል። በዚያ መንገድ ላይ መንጃ ፈቃድ የሚጠይቅ የለም፤ የሚጠየቀው ቃል ነው። ቃሲም ሃያ ጊዜ ጎማ ፈንድቶበት፣ ሁለት ጊዜ በጎርፍ ተይዞ የተረፈው፣ "የቃሲም ቃል ደኅና ነው" ስለተባለለት ብቻ ነበር።

ይህን ያስባለለት ዳጉ ነው። አፋር መንገድ ላይ ከሰው ሲገናኝ ዝም ብሎ "ሰላም ዋልህ" ብሎ አያልፍም፤ ቁጭ ብሎ ዳጉ ይቀባበላል። ከየት መጣህ፣ ምን አየህ፣ ምን ሰማህ፣ ከማን ሰማህ። ያየ አየሁ ይላል፣ የሰማ ሰማሁ ይላል። ሰው ከብቱን የሚነዳው፣ ልጁን የሚያሻግረው በዚያ ቃል ነውና፣ ያላየውን አየሁ ያለ በጎሳው ሕግ ይቀጣል፤ ከቅጣቱ በኋላም ማንም አይጠይቀውም። አቶ አምባዬ ሃያ ዓመት ሙሉ በዳጉ አገር ኖረው ዳጉ ምን እንደሆነ አልጠየቁም። የሰው አገር ወሬ መች ፋታ ሰጥቷቸው!

በሰኔ ወር የእርሻው የውሃ መሳቢያ ሞተር ተሰበረ። መለዋወጫው በባቡር መጣና፣ አስረክበው መፈረም ስላለባቸው አቶ አምባዬ ከቃሲም ጎን ተሰቅለው ወረዱ። በእግራቸው "ከጅቡቲ የመጣ" የሚሉትን ባለ ማሠሪያ ጫማ አጥልቀዋል። መኪናው ላይ መለዋወጫውና ሁለት በርሜል ውሃ ነበር።

ገዋኔን ካለፉ በኋላ ራዲያተሩ ፈላ። ቆመው ሲያቀዘቅዙ፣ በትሩን በትከሻው ያጋደመ፣ ጊሌ የሚባለውን ጩቤ ወገቡ ላይ የታጠቀ ረጅም ሰው ከቁጥቋጦው መሐል ወጣ። ዑመር ይባላል፤ ቃሲም በዝና ያውቀዋል። ከኋላው ሠላሳ ያህል ፍየሎች፣ የጎድን አጥንታቸው የሚቆጠር ሰባት ላሞች፣ አሮጊት እናቱን ከነሰሌኑ የጫነች ግመል፣ ሕፃን ያዘለች ሚስቱ። የሚሄዱት ወደ ወንዙ ነበር። የድሮው መውረጃቸው ጥጥ ተዘርቶበት ዘበኛ ቆሞበታል፤ ከብት የሚያሳልፍ ጠባብ በር የቀረው ሁለት ቀን ዞሮ ነው።

ቁጭ ተባለ። ቃሲም የመንገዱን ሁሉ ተናገረ፤ አዋሽ አርባ ላይ የሞተ አህያ ማየቱን፣ የገዋኔ ገበያ መሳሳቱን፣ ደመና አለማየቱን። ዑመር እያንዳንዱን "እሺ" እያለ ተቀበለ። ከዚያ ወደ አቶ አምባዬ ዞረ።

"የሽማግሌውን አልሰማሁም" አለ።

ቃሲም ሲተረጉምላቸው የአቶ አምባዬ ፊት በራ። በዕድሜያቸው ሙሉ ሳይጠየቁ ሲያወሩ ኖረው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው "ያየኸውን ንገረኝ" አላቸው።

"ምን ልንገረው?"

"ያዩትን ብቻ ነው ጋሼ። ውሃ ወይም ሣር አይተው ከሆነ።"

"ውሃማ አለ እንጂ። ያ ጥቁሩ ኮረብታ ሥር ያለው ኩሬ ጢም ብሎ ሞልቷል። ባለፈው ሳምንት ከመሬት ቀያሾቹ ጋር ስወርድ..."

ቃሲም ወደ እሳቸው ዞረ። ከቀያሾቹ ጋር መውረዳቸው እውነት ነው። "በዓይንዎ አይተውታል? ይህ የቡፌ ጨዋታ አይደለም።"

ጣታቸው ዓይናቸው ሥር ሄደ። "ዓይኔ ያየውን ነው የምነግርህ" አሉ።

ዑመር ጣቷን አየ። ቃሲም ተረጎመ። "አየ?" ሲል ዑመር ደግሞ ጠየቀ። "አየሁ ይላል" አለ ቃሲም። ሰውየው ተነሥቶ ለሚስቱ በሩቁ ነገራት፤ ግመሏ ዞረች፣ ፍየሎቹ ዞሩ። ኮረብታው ከወንዙ ተቃራኒ ነው፤ እሩቅ ላይ ጠቆር ብሎ ይታይ ነበር፣ የአንድ ቀን መንገድ።

መኪናው ሲነሣ አቶ አምባዬ ደስታቸው ሞልቶ ፈሰሰ። ኩሬው ላይ ዳክዬ ጨመሩ። ዳክዬዎቹ የዓደን ዳክዬ እንደሚመስሉ ጨመሩ። ቃሲም ለአንድ ሰዓት ያህል ሰማና፣ መሪውን እንደያዘ፣ ቀስ ብሎ ጠየቀ።

"የቀያሾቹ መኪና እስከ ኩሬው ደረሰ እንዴ ጋሼ?"

ዳክዬዎቹ በረሩ። "ኩሬው ድረስ እንኳ... ይልቃል ነው የነገረኝ፤ ቀያሹ። ጨዋ ልጅ ነው፣ አይዋሽም።"

"ይልቃል መቼ አየ?"

"ከፋሲካ በፊት መሰለኝ።"

ቃሲም ፍሬን ያዘ። ከፋሲካ ወዲህ ሁለት ወር ሊሞላ ነው። ያ ኩሬ እንኳን ሁለት ወር፣ ሦስት ሳምንት የዚህን አገር ፀሐይ አይችልም። ዑመር ነገ እዚያ ደርሶ የተሰነጠቀ ጭቃ ያገኛል፤ ከዚያ ወደ ወንዙ ለመመለስ ሦስት ቀን ነው፤ ላሞቹ ሦስት ቀን የላቸውም፣ አሮጊቷም ሕፃኑም ምን ያህል እንዳላቸው አላህ ያውቃል። ሞተሩን አጠፋ።

"ምን ያስጨንቅሃል" አሉ አቶ አምባዬ፣ ድምፃቸው ግን ቀጥኗል። "እነሱ አገራቸውን ያውቁታል።"

"የኮረብታውን ውሃ ካዩ ቆይተዋል ጋሼ፤ ለዚህ ነው የጠየቁን። 'አየሁ ይላል' ያለው ደግሞ የእኔ አፍ ነው።"

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። ይህኛው ግን ለማደር እንኳ ጊዜ አላገኘም። ቃሲም መኪናውን አዞረ፤ የከብቱን ኮቴ ተከትሎ እስከሚነዳው ነዳ። ጥቁሩ ድንጋይ ሲጀምር ጎማ አላልፍ አለ። ጀሪካኑን ሞልቶ ተሸከመ።

"አንተ ሮጠህ ንገራቸው" አሉ አቶ አምባዬ። "እኔ መኪናውን ልጠብቅ።"

"አይሆንም። ቃሉን የሚመልሰው የሰጠው ሰው ነው። ብቻዬን ሄጄ 'አላየም' ብላቸው፣ የቱን ይመኑኝ?"

"ይገድሉኛል ቃሲም።"

ቃሲም "አይገድሉም" ማለት ፈልጎ ነበር። በዚያ ቀን ግን ያላወቀውን መናገር አስጠላው። "አላውቅም ጋሼ" አለ። "ይምጡ።"

ሄዱ። ድንጋዩ ከሥር፣ ፀሐይዋ ከላይ ትጠብስ ነበር። የጅቡቲው ጫማ ግማሽ ሰዓት ያህል ታገሠና ሶሉ እንደ ምላስ ተንጠለጠለ፤ አቶ አምባዬ ነጠላቸውን ቀደው አሠሩት። ቃሲም ደግሞ ተቆጥቶ ነበር፤ በእሳቸው ብቻ አይደለም፣ በራሱም። ስንት ዓመት "ዓይኔ አየው" ሲሉ ስቆ አልፏል። ያ ሁሉ ሳቅ ሰውየውን እስከዚህ ድረስ እንዳመጣቸው ታየው። መንገድ ላይ አንድ የፍየል ግልገል ወድቃ አገኙ። አቶ አምባዬ ቆመው አዩዋትና ፊታቸውን አዞሩ።

አሥር ሰዓት ገደማ ግራር ሥር ደረሱባቸው። አንዲት ላም ተኝታ አልነሣ ብላለች። ዑመር ሁለቱ በእግራቸው ሲመጡ ባየ ጊዜ፣ ከመምጣታቸው ብቻ ነገሩ የገባው ይመስላል፤ ተነሥቶ ቆመ። እጁ ጊሌው ላይ ነበር፣ ወይም ጊሌው ካለበት ወገቡ ላይ ነበር፤ ቃሲም መለየት አልቻለም።

አቶ አምባዬ ትንፋሻቸው ሳይመለስ ተናገሩ። "አላየሁም በለው። ሰው ነው የነገረኝ። እሱም ያየው ከፋሲካ በፊት ነው።"

ቃሲም ተረጎመ፤ የፋሲካውን ጊዜ በጨረቃ ቆጥሮ ተረጎመ። የዑመር ሚስት ሕፃኑን ከጀርባዋ አውርዳ ታቀፈችው። ከዚያ ዑመር እጁን ከወገቡ አንሥቶ ቁጭ አለ፤ ሁለቱም እንዲቀመጡ ጠቆመ።

እንደገና፣ ከመጀመሪያው፣ ዳጉ ያዘ። ማን ነገረህ? የየት ሰው ነው? እሱ በዓይኑ አየ? ውሃው ስንት ክንድ ነበር? አቶ አምባዬ እያንዳንዷን መለሱ፤ የማያውቁትን "አላውቅም" አሉ። ቃሲም ያቺን ቃል ከአፋቸው ሲሰማ የመጀመሪያው ነበር። ዑመር ሁሉን ተቀብሎ ሲጨርስ አንድ ጨመረ።

"ሌላስ? አየሁ ብለህ ያላየኸው ሌላ አለ?"

ጥያቄው ስለ ውሃ ነበር፤ የዑመር ነገር ከውሃ አያልፍም። አቶ አምባዬ ግን ደክመዋል፣ ፈርተዋል፣ እግራቸው ደምቷል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና፣ አንዴ የተከፈተው አፍ አልመለስ አለ።

"ዓደንን አላየሁም" አሉ። "ድልድይም የለም። ካፒቴን የሚባል አላውቅም። የየመኑ ነጋዴም... ሱቁን ነው ያየሁት።"

ቃሲም ሁሉንም ተረጎመ፤ መተርጎም ያለበት መሰለው። ዑመር በትሕትና ሰማ። "ጅቡቲንስ?" አለ።

"ጅቡቲን አየሁ። አሥራ አንድ ቀን። ያየሁት ግን የመጋዘን ጣሪያ ነው።" አቶ አምባዬ መሬቱን እያዩ ቀጠሉ። "ከዕቃ ጋር ተልኬ ሄድኩ፤ በደረስኩ ማግሥት ወባ ጣለኝ። አብረውኝ የመጡት ይሞታል ብለው ትተውኝ ተመለሱ። ለወደቡ ሠራተኞች ውሃ የምትሸጥ አንዲት የእናንተ ሴት ነበረች። ጠዋት ጠዋት ሻሿን እየነከረች ግንባሬ ላይ ታደርጋለች፤ ውሃ በጉርሻ ታጠጣኛለች፤ ዝንብ ትከለክልልኛለች። እኔ የእሷን ቋንቋ አላውቅ፣ እሷ የኔን። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ደግፋ ባቡር ላይ አወጣችኝ። ስሟን አልጠየቅሁም። ሃያ ዓመት ሆነው፤ ስሟን አልጠየቅሁም።"

ቃሲም መተርጎሙን ረስቶ ዞረ። "ጋሼ፣ ይህን ለምን አንድ ቀን አልነገሩንም?"

"ምኑን ልንገር?" አሉ። "ተዘርሬ ውሃ መጠጣቴን? አገር ያየ ሰው እንዲህ ብሎ ያወራል?"

ቃሲም ቃል በቃል ተረጎመው። ዑመር ወደ ፊት ጠጋ ብሎ ይጠይቅ ጀመር። መጋዘኑ ከባሕሩ በየት በኩል? ሴትየዋ ስንት ዓመቷ ይሆናል? ምልክት አላት? ግራ ጉንጯ ላይ ጠባሳ አለ፣ አንዲት ነጭ ፍየል ከኋላዋ አትለይም ነበር አሉ አቶ አምባዬ። "ሰማሁ" አለ ዑመር፤ ሌላ አላለም።

የተኛችውን ላም ቢስሚላህ ብሎ አረዳት። ጀሪካኑ ለሕፃኑና ለአሮጊቷ ሆነ። ሁለቱን በርሜል ውሃ ከመኪናው እስከ ግራሩ በስልቻ ሲያመላልሱ ሌሊቱ ተጋመሰ፤ አቶ አምባዬ በባዶ እግራቸው ስድስት ጊዜ ተመላለሱ። ስድስት ጊዜ መሆኑን የቆጠረው ቃሲም ነው። ንጋት ላይ ቤተሰቡ ወደ ወንዙ ሲያቀና ዑመር ለአቶ አምባዬ ምርቃትም እርግማንም አልሰጠም። ለቃሲም ግን፣ "የሰጠውን ቃል በእግሩ መጥቶ መለሰ፤ ይህንንም እናገራለሁ" አለው።

ከዚያ ወዲህ የጣቢያው ቡፌ ቀዘቀዘ። አቶ አምባዬ ማውራት አልተዉም፤ እንደሱማ ቢሆን መች ይኖሩ ነበር። ግን በየመሐሉ "ይህን ሰማሁ እንጂ አላየሁም" ማለት አመጡ፤ እንዲህ ያለ ወሬ ደግሞ ሻይ አያስጠጣም። መምህር ወልደ ኢየሱስ ድልድዩ ናፈቀው። ይርገዱ እንኳ፣ "ጋሼ፣ ሽሮዬን አልሰደቡልኝም፤ ደኅና አይደሉም እንዴ?" ብላ ጠየቀች።

ጥቅምት ላይ ዑመር አዋሽ ጣቢያ ብቅ አለ። ላሞቹ ስድስት ሆነው ወንዙ ደርሰዋል። ይርገዱ ቤት ቃሲምንና አቶ አምባዬን አገኘና ቁጭ ብሎ ዳጉ ጀመረ። ስለ ዝናቡ ተናገረ። ስለ ሣሩ ተናገረ። እናቱ በሰላም ማረፏን፣ ሕፃኑ ቆሞ መሄዱን፣ ሰርዶ በምትባለው መንደር አንድ መኪና መገልበጡን ተናገረ። አቶ አምባዬ አንድ ነገር እንዳለ ታውቋቸው ወንበራቸው ላይ አልረጋ አሉ፤ ዳጉ ግን ተራ አለው፣ አይዘለልም። በመጨረሻ ዑመር በትሩን ከጉልበቱ ላይ አነሣ።

"ከጅቡቲ የመጣ ቃል አለ። ይህን እኔ አላየሁም፤ ሰማሁ። የነገረኝ የእህቴ ባል ነው። ለእሱ የነገረው ሰርዶ ያገኘው ጨው ጫኝ ነው። ጨው ጫኙ ሴትየዋን በዓይኑ አይቷል። መዲና ትባላለች። አርጅታለች፣ ግን በሕይወት አለች። ነጯ ፍየል ሞታለች። መዲና አንድ ነገር ጠይቃለች፦ ያ ሐበሻ ተርፏል ወይ? አሥራ አንድ ቀን ሙሉ በትኩሳት አፉ አልተዘጋም ነበር፤ አሁንም እንዲያ ያወራል ወይ?"

ቃሲም ተረጎመ። ቤቱ ውስጥ ያለው ሁሉ ወደ አቶ አምባዬ ዞረ። አፋቸው ተከፈተ፣ ተዘጋ። "መዲና" አሉ በሹክሹክታ፤ ከዚያ በኋላ ከንፈራቸው ብቻ ተንቀሳቀሰ። እንባቸው ጢማቸው ውስጥ ይገባ ነበር። ይርገዱ ሳሕኑን እንደያዘች ቆማ ቀረች።

ዑመር መልስ ይጠብቃል፤ ማለዳ መንገደኛ ነው። አቶ አምባዬ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ አልችልም ማለታቸው ነው። ቃሲም እኚህን ሰው ምን ያህል እንደሚወድ ያን ጊዜ አወቀ፤ ሃያ ዓመት የሰለቸው የመሰለው ድምፅ አሁን ቢመለስ ብሎ ተመኘ። ጣቱን ዓይኑ ሥር አድርጎ ቆዳውን ሳብ አደረገ።

"ተርፏል በላት" አለው ዑመርን። "ያወራል። ዛሬ ግን ስሟን ሲሰማ ዝም አለ። ይህን አልሰማሁም፤ ዓይኔ አየው።"